ለእሜቴ የተሳለው በር

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ ለሚጡ፤

ዛሬ ጠዋት የፋርማሲውን ሰሌዳ እየጻፍኩ መሰላል ላይ ነበርኩ። «መድኃኒት» ብዬ ጨርሼ «ቤት» የሚለውን ልጀምር ስል፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ጎረቤታችን ከታች ሆኖ «ጋሼ! ልጅዎን አየኋት!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል፣ «እጇ ግን በፋሻ ታስሯል» አይለኝም መሰለሽ! ቆርቆሮው ከነቀለሙ ከእጄ አመለጠ። ወርዶ ወርዶ የፋርማሲስቱ ነጭ ጋውን ላይ አረፈ። ቀለሙ ቀይ ነው። ሰውየው «ተፈነከትኩ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ እሱን ትቼ ሹፌሩን፣ «የትኛው እጇ?» አልኩት።

«ቀኙ።»

«ምን ሆና ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነው ያየኋት። ሰላም ስላት ሳቀች፣ አለፈች።»

ሳቀች! ፋሻ ምን የሚያስቅ ነገር አለው?

ይኸው ሥራውን እንዳለ ትቼ፣ እጄን እንኳ በነጭ ጋዝ ሳላጸዳ እየጻፍኩልሽ ነው። ወረቀቱ ላይ የምታዪው ቀይ ነገር ቀለም ነው፣ እንዳትደነግጪ። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ እንደምን ሰነበትሽ የኔ ልጅ? እግርሽን ከእንቅፋት፣ ጉሮሮሽን ከጉንፋን፣ አንቺን ከክፉ ሰው ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን።

ለምን አልደወለም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔ «ደህና ነን» እላለሁ፣ እናትሽ ከኋላ «በልታለች ወይ በላት» ትላለች፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ሰው ጥያቄ ዘሎ ለማለፍ ያፍራል። ስለዚህ በተራ መልሺልኝ። አንደኛ፣ እጅሽ ምን ሆነ? ሁለተኛ፣ ማነው ያደረገው? ሦስተኛ፣ ሐኪም አይቶታል ወይስ ራስሽ ነሽ የጠቀለልሽው? አራተኛ፣ «ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ነው የማስተምረው» ስትዪኝ «ጎበዝ» ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የማይናገር ልጅ በምንድነው የሚማረው? አስተማሪዋ ታወራለች፣ እሱ ዝም ይላል፣ ከዚያስ? ላሳንሰው ፈልጌ አይደለም። መሰላል ላይ ሆኜ እሱን ሳስብ ነው የምውለው። አምስተኛም ነበር፣ ጠፋኝ።

በአጎትሽ መሥሪያ ቤት የጸሐፊ ቦታ ሊከፈት ነው ይላሉ። ለወሬ ያህል ነው የነገርኩሽ።

አባትሽ


ጥቅምት 19

ለውድ አባቴ፤

ወገብህ፣ ዓይንህ፣ መሰላልህ እንዴት ናቸው? ከሦስቱ አንዱም እንዳይሰበርብህ ሁሌም እጸልያለሁ። እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይሄኛው የስልኩ «ደህና ነኝ» አይደለም።

በተራ ልመልስልህ። ተነክሼ ነው። የነከሰችኝ ተማሪዬ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ሐኪም አይቶታል፣ መርፌም ተወግቻለሁ፣ አሁን ደርቋል። ሹፌሩ ሲያየኝ የሳቅኩት ሌላ ምን ላድርግ ብዬ ነው።

ልጅቷን «እሜቴ» ነው የምንላት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍሉን እየዞረች ስለምትቆጣጠረን ነው። አንድ ቃል አትናገርም። ክፍላችን ድሮ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር፤ ግማሹ ወንበር አሁንም ጥግ ላይ ተከምሯል፤ «ነገ ይነሳል» ይሉኛል። የትምህርት ቤቱ ደወል ደግሞ ከመስኮታችን በላይ ነው። በተደወለ ቁጥር አንዱ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ አንዱ ጫማውን ያወልቃል፣ እሜቴ ትጮሃለች። ሥራ ስጀምር ዳይሬክተሯ ቁልፉን ሰጥታኝ «ዋናው ነገር እንዳይረብሹ ነው» አለችኝ። ሥልጠናው እዚያው አለቀ። አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ያንቺዎቹ እንዴት ዋሉ?» ይሉኛል፣ በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው።

የማይናገር ልጅ በምን ይማራል ላልከው፣ እኔም ገና እየተማርኩት ነው። እስካሁን የገባኝን ልንገርህ። ግድግዳው ላይ የቀኑን ውሎ በስዕል ካርድ በተርታ ሰቅያለሁ፤ እጅ መታጠብ፣ ሥራ፣ ዳቦ፣ ጨዋታ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ እሜቴ ራሷ ነቅላ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታያለች፣ ትረጋጋለች። የዚያን ቀን ዝናብ ጣለና ጨዋታውን ትቼ ወደ ሥራ መለስኳቸው። ካርዱን ግን መቀየር ረሳሁ። ግድግዳው «ጨዋታ» ይላል፣ እኔ «ተቀመጡ» እላለሁ። ለእሷ ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው። ነከሰችኝ።

ዳይሬክተሯ ግን ነገሩ አልጣማትም። «እስከ ግማሽ ዓመት አያታለሁ፤ እንዲህ ከቀጠለች እቤቷ ትቀመጥ» ብላለች። እናቷ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፣ ሌላ ሰው የላትም። እሜቴ እቤት ትቀመጥ ማለት በር ተቆልፎባት ትዋል ማለት ነው።

አሁን ልለምንህ። የኔን ስዕል ታውቀዋለህ። ዳቦ ብዬ የሳልኩትን አይቶ አንዱ ልጅ ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። አንተ ሳልልኝ። መደቡ ነጭ ይሁን፤ አንድ ካርድ፣ አንድ ነገር። ሌላ ምንም አትጨምርበት፣ እባክህ።

ሚጡ


ኅዳር 2

ይድረስ ለልጄ፤

የነከሰ ጥርስ ይርገፍ እንዳልል የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ለነገሩም እድሜዋ ነው፤ ራሱ ይረግፋል። ፈጣሪ እጅሽን ጨርሶ ይማርልኝ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሁለቴ አነበብኩላት። «ለእሷ ውሸታም ሆንኩ» ያልሽው ላይ ስደርስ እናትሽ «ትክክሏን ነው ልጅቷ፤ እኔም አንተን ስንቴ መንከስ አምሮኝ ያውቃል» አለች። ሳቅን። ከዚያ ግን ሥራ ላይ ሆኜ ትዝ ባለኝ ቁጥር ይገርመኛል። እኔ ስንት ዓመት ሰሌዳ ስጽፍ «ዛሬ ክፍት ነው» የሚለውን አይቶ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘው ሰው ምን እንደሚሰማው አስቤ አላውቅም ነበር።

ካርዶቹ ከዚህ ጋር አሉ። በስስ ጣውላ ላይ ነው የሠራኋቸው፤ ወረቀት በልጅ እጅ አይበረክትም። ቫርኒሽ ሁለት እጅ ጠጥተዋል፣ ቢታጠቡም አይለቁም። እናትሽ «ለልጆች ነው ወይስ ለባንክ?» ትለኛለች። እንዳልሽው አንድ ካርድ አንድ ነገር ነው። ዳቦው ዳቦ ብቻ ነው፤ ትንሽ ጥላ አድርጌበታለሁ፣ ያለ ጥላ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሳሙናው ላይ አረፋ አለ፣ ሳሙና ያለ አረፋ ድንጋይ ነው። ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቤቷን አላየሁትም። ቤት መቼም ቤት ነው ብዬ የኛን ሳልኩት፤ አረንጓዴው በር፣ ሦስቱ ደረጃ፣ ጎኑ የተሰነጠቀው የአበባ ማሰሮ። ከሁሉም ያማረልኝ እሱ ነው። እናትሽ አየችውና የማሰሮውን ስንጥቅ በጣቷ ዳሰሰችው።

ጥያቄዎች አሉኝ። እሜቴ ትስቃለች? ስትስቅ ድምፅ አላት? እናቷን ስትፈልግ በምን ትጠራታለች? ደግሞ ካርዱን ነቅላ ሳጥን ውስጥ ስትከት ያለቀው ነገር ነገ እንደገና እንደሚመጣ በምን ታውቃለች? እኔ እንኳ አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ።

አጎትሽ ቦታው ተከፍቷል፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ማመልከቻ ይቀበላሉ ይላል። ለወሬ ያህል።

አባትሽ


ኅዳር 28

ለአባቴ፤

ሰላምና ጤና ለአንተም ለእማዬም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። መልስ ጀምሬ እየቀደድኩት ነው የዘገየሁት።

መልካሙን ላስቀድም። ካርዶችህን የሰቀልኩ ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ደወሉ እስኪደወል። ዳቦውን አንዱ ልጅ ላሰው። ሳሙናውን ያየ ሁሉ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እሜቴ እያንዳንዱን በጣቷ ዳሰሰችና እጇን ወደ ኋላ መልሳ አጣመረች፤ ፈቅዳለች ማለት ነው።

ችግሩ ቤት የሚለው ነው። ሥርዓታችን እንዲህ ነው፤ ቤት የሚለው ካርድ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ እሜቴ ይዛው ትሄዳለች፣ ጠዋት ይዛው ትመጣለች። የኔ ካርድ አራት ማዕዘንና ጣራ ብቻ ነበር፤ የማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ያንተ ግን የአንድ ሰው ቤት ነው።

ከእናቷ ጋር እቤታቸው ስትደርስ ቆመች። ካርዱን አየች፣ በሩን አየች። በራቸው ቡናማ ቆርቆሮ ነው፣ ደረጃ የለውም። ዞራ ሄደች። እናቷ ይዛ ስትመልሳት ጮኸች። ከዚያ መንደሩን በር በበር ትዞር ጀመር፣ አረንጓዴ በር ፍለጋ። እናቷ በሥራ ልብሷ ከኋላ ከኋላ። ጎረቤቱ ወጥቶ ያያል፤ «የማን ልጅ ናት እንዲህ የምትጎተተው?» ያለም አለ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ደክሟት መንገድ ላይ ቁጭ ስትል ተሸክማ አስገባቻት። በማግስቱም እንደዚያው።

እናቷ መጥታ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ «ቤቷን ቀየርሽባት! እኔ ሌላ ቤት ከየት ላምጣላት? ንገሪኝ፣ ከየት?» አለችኝ። ዳይሬክተሯ ከቢሮዋ ሆና ሰምታለች። ወዲያው የእሜቴን ፋይል አስወጣች፣ «ከግቢ ውጭም መረበሽ ጀምራለች» ብላ ጻፈችበት።

አባዬ፣ አንድ ካርድ አንድ ነገር ብዬህ ነበር። የማሰሮውን ስንጥቅ ሳይቀር! ምን ነካህ?

የበራቸውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። እሱን ብቻ ሳል። ማሳመር የለም።

ሚጡ


ታኅሣሥ 7

ይድረስ ለልጄ፤

ፈጣሪ ያንቺንም የዚያችንም እናት ድካም ይይላችሁ። ጤናችን ደህና ነው።

ካርዱ ይኸውልሽ። ቡናማ ቆርቆሮ በር፣ ሌላ የለም። ጥላ የለውም፣ ቫርኒሹም የማያብረቀርቀው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራዬ ጥግ ላይ ሳልፈርም ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ይሄኛው ላይ አልፈረምኩም፣ ፊርማውን የበሩ ክፍል አድርጋ እንዳታየው ብዬ።

ለልጅቷ እናት ይቅርታ ጠይቂልኝ። ልስደበው ካለችም ትስደበኝ፣ አድራሻዬን ስጫት። ፎቶውን ስመለከት እዚያ በር ላይ በሥራ ልብሷ ቆማ ነው የምትታየኝ።

ሌላ ነገር እንዳላበላሽ ፈርቼ ለመጠየቅም ፈራሁ፤ ግን ካልጠየቅኩ እንቅልፍ የለኝም። እናቷ እጇን ይዛ «ይሄ ነው ቤትሽ» ስትላት፣ እንዴት ልጅ ከእናቷ ይልቅ ጣውላ ታምናለች? ስወቅሳት አይደለም፤ አልገባኝም።

ምን ነካህ ላልሽኝ፣ ያንን በር ስስል እሜቴን አልነበረም የማስበው። ይኸው ነው።

የአጎትሽ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። አሁን ለወሬ ያህል አይደለም የምልሽ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 20

ለውድ አባዬ፤

ዓይንህ ይብራ፣ እጅህ አይድከም። እማዬ ጉልበቷን አሟት ነበር ብሎኛል ሹፌሩ፤ አንተ ለምን አልነገርከኝም? «ጤናችን ደህና ነው» ብለህ ነው ያለፍከው። ወረቀት ላይም ጥያቄ ይዘለላል ለካ።

ቡናማው በር ሠርቷል። እናቷ እንደነገረችኝ፣ እሜቴ ካርዱን አየች፣ በሩን አየች፣ ራሷ ገፍታ ገባች። እናቷ «ለአባትሽ ንገሪው፣ ስድቡን ትቼለታለሁ» ብላለች።

እሜቴ ስዕልን ከእናቷ ይልቅ አታምንም። ቃል ግን ይጠፋባታል፤ ተባለ፣ አለቀ፣ የለም። ስዕል ዞር ብለህ ስታየው እዚያው ነው። አንተስ ለምንድነው ስልኩን ትተህ በደብዳቤ የምትጠይቀኝ?

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ ከሦስት ቀን ጀምሮ ለማን ልናገር እያልኩ ነው። አረንጓዴውን በር እንዳይታይ መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። እሜቴ መሳቢያውን ከፍታ አወጣችው፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቼን አጠፈቻቸው። «አይ፣ ይሄ ያንቺ ቤት አይደለም» አልኳት። መለስኩት። በማግስቱ ደገመችው። ወደዚያ ቤት ውሰጂኝ የምትል መስሎኝ ልቤ ፈራ፤ እንደገና መዞሩ ሊጀምር ነው ብዬ። ግን ወደ በር አልሄደችም። ካርዱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ጣውላ ነው። ባዶውን አሳየችኝ። በሩን መልሳ አሳየችኝ። ደግሞ ባዶውን። ከዚያ ጣውላውን በጥፍሯ ቆረቆረችው፣ ቂጢጥ ብላ ጠበቀችኝ።

ከበሩ ጀርባ ምን አለ ማለቷ ነው። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብትለኝ አይደለሁም። ግን እስካሁን ካርድ ሰጥታ የምትጠይቀኝ ውሃ ነው፣ ዳቦ ነው፣ ሽንት ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ ስለሌለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ይሄ ጥያቄ ነው አባዬ። እኔ ሳላስተምራት የጠየቀችው።

ካርዱን ልልክልህ ብል አትለቅልኝም። ስለዚህ በዚያው ልክ ሌላ ጣውላ ላይ ከበሩ ጀርባ ያለውን ሳልና ላክልኝ፣ ጀርባው ላይ እለጥፈዋለሁ። የግማሽ ዓመቱ ስብሰባ ጥር ውስጥ ነው። ዳይሬክተሯ ፋይሉን ይዛ ትጠብቃለች፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ንክሻና ጩኸት ብቻ ነው።

ስለ አጎቴ መሥሪያ ቤት የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

ሚጡ


ጥር 3

ይድረስ ለልጄ ለሚጡ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ መሳቢያሽንም ይባርከው! የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ እንዳትነግራት ብላኝ ነው፣ አሁን ደግሞ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያት።

አንቺ ልጅ፣ ከበራችን ጀርባ ምን እንዳለ ለካ እኔም አላውቀውም! ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው ብል የለም። ወጣሁ፣ ገባሁ። እንደገና ወጣሁ፣ ገባሁ። የቤት አከራያችን ሴትዮ ከመስኮት ሆና እናትሽን «ባልሽ ቁልፍ ጠፋበት?» አለቻት። እናትሽ «ቁልፉስ አለ» አለች።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። መጀመሪያ የሚታየው ምንድነው? እኔ የኮት መስቀያው ነው እላለሁ፤ እናትሽ «የት ያለ ኮት? መጀመሪያ የሚታየው ያንተ መሰላል ነው፤ ሰው ሲገባ ግንባሩን የሚለው እሱ ነው» ትላለች። ትክክል ናት። ግን ቤት ውስጥ መሰላል ያየች ልጅ ሌላ ስንት ጥያቄ ሊመጣባት ነው? ስለዚህ መሰላሉን ከስዕሉ አወጣሁት። እናትሽ አጋጣሚውን ተጠቅማ ከቤቱም አስወጣችው።

አንድ ካርድ አንድ ነገር ብለሻል፣ አሁን ገብቶኛል። ኮሪደሩን ባዶ አድርጌ፣ መጨረሻው ላይ አንድ በር ብቻ ሳልኩ። የተዘጋ። እናትሽ «ክፈተው እንጂ! ልጅቷ አንዱን በር አልፋ ሌላ የተዘጋ በር?» አለችኝ። «ከከፈትኩት ከዚያ በኋላ ምን ትጠይቃለች?» አልኳት። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሜቴን ሊያስቆጣ የሚችል ከመሰለሽ አትለጥፊው። አልከፋም። ልከፋ እችላለሁ፣ ግን ንገሪኝ።

ስትገለብጠው መጀመሪያ ምን እንዳደረገች ጻፊልኝ። ፊቷን አይተሽ ሳይሆን እጇን አይተሽ። ደግሞ ባዶውን ጣውላ ስትቆረቁር በየትኛው ጣቷ ነበር?

ማመልከቻው ተዘግቷል። አጎትሽ ግን «ለሷ ከሆነ አንድ ወር አቆየዋለሁ» ብሏል። ምን ልበለው?

አባትሽ


ጥር 22

ለውድ አባዬ፤

ቤታችሁ ጤና፣ ኮሪደራችሁ ሰፊ ይሁን። ትናንት ስብሰባው ተካሄደ። ሳይበርድ ልጻፍልህ።

ዳይሬክተሯ፣ የእሜቴ እናትና እኔ ነበርን። እሜቴን የሚይዝልን ስላልነበረ አብራን ገባች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መደርደሪያውን መፈተሽ ጀመረች። ዳይሬክተሯ ፋይሉን ከፍታ አነበበች። «ነከሰች። ጮኸች። በደወል ሰዓት ሮጠች። እቤቷም አልገባ ብላለች።» ቀና ብላ «እስቲ ንገሪኝ፣ ይህች ልጅ ምን ተማረች?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበረኝ።

ልጀምር ስል እሜቴ ቦርሳዬን ከፈተች። አረንጓዴውን በር አውጥታ ሄዳ ዳይሬክተሯ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፣ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«ምንድነው ይሄ?»

እናቷ ልትናገር ስትል ጉልበቷን ያዝኩት። ዝም አልኩ። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር እሱ ነው አባዬ፣ ዝም ማለት።

እሜቴ ካርዱን ገለበጠችው። የዳይሬክተሯን ሌባ ጣት ይዛ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው የተዘጋ በር ላይ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። እሜቴ የሰው ፊት አታይም ነበር።

«ወዴት ነው የሚያስገባው?» አለችኝ ዳይሬክተሯ።

«እኔን አይደለም የጠየቀችው» አልኳት።

ዳይሬክተሯ ካርዱን ወደ መነጽሯ አስጠጋችው። «እንግዲህ... ወጥ ቤት ይሆናላ» አለቻት። ለእሜቴ! ስለ እሜቴ ስታወራ እንጂ እሜቴን ስታናግር ሰምቻት አላውቅም። እናቷ «መኝታ ቤትም ሊሆን ይችላል» አለች። «መኝታ ቤት እንዲህ በር ላይ አይሆንም» አለች ዳይሬክተሯ። ክርክር ጀመሩልህ፣ እንደ አንተና እማዬ።

ተአምር ተፈጠረ እንዳትል። ወዲያው ደወሉ ተደወለ፣ እሜቴ ጮኸች፣ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ የውሃ ብርጭቆውን ፋይሉ ላይ ደፋችው። ዳይሬክተሯ ፋይሉን እያራገፈች፣ «ትቆይ» አለች። ከዚያ ቅድመ ሁኔታው መጣ። በደወልና በመውጫ ሰዓት አብራት የምትሆን ረዳት ትቀጠር፤ ደመወዟን ግማሹን ትምህርት ቤቱ ይከፍላል፣ ግማሹን እኛ እንፈልግ። ረዳት ካልተገኘች ከመጋቢት ጀምሮ እቤቷ ናት። ሕፃናት ማቆያ ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ ሴትዮ አግኝቻለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ እመጣለሁ ብለዋል። የትምህርት ቤቱን ግማሽ ስጠይቅ «በጀት ሲለቀቅ» ተብያለሁ። የእኛን ግማሽ ደግሞ የእሜቴ እናት ከየትም አታመጣም፤ እኔም ቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝን ታውቃለህ።

ጣውላውን የቆረቆረችው በቀለበት ጣቷ ነው። ስዕሉን መጀመሪያ ስትገለብጠው ያደረገችው እጇን ከኋላዋ ፈትታ በሁለት እጇ መያዝ ነበር።

ለአጎቴ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ንገርልኝ። እናንተን ሳልናፍቅ ቀርቼ አይደለም። እዚህ ገና ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ፣ ሳይገባኝ ትቼው መሄድ አልፈልግም።

ሚጡ


የካቲት 4

ይድረስ ለልጄ፤

ያሰብሽው ይሙላ፣ የያዝሽው ይባረክ። ለእሜቴ እናትና ለዳይሬክተሯም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ አጎትሽ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ፣ «አበደች እንዴ? ወንበር አለ፣ ጡረታ አለ፣ የሚነክስ ሰው የለም» አለኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ አንደኛ ሁለተኛ ብዬ። አንዱም አልመጣልኝም። «አላበደችም፣ ሥራ ይዛለች» አልኩትና ወጣሁ። እናትሽን ስነግራት ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች። እኔም ፈራሁ። ኋላ «እንግዲያው እኛ እንሂድና እንያት፤ አውቶቡስ መቼ ነው ያለው?» አለች። ሹፌሩን ጠይቄዋለሁ፣ ከፊት ወንበር ይይዝልናል፤ ለጉልበቷ ብዬ ነው።

ክፍልሽ ውስጥ ስገባ የት ልቁም? ልናገር ወይስ ዝም ልበል? እኔን የሚያሳይ ካርድ ግድግዳው ላይ ያስፈልጋል? ካስፈለገ ራሴን መሳል አላውቅበትም፣ ከመስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬ የእናትሽን አባት መሰለብኝ። በዚህ ላይ መልስሽን ሳላገኝ አልነሳም።

ቀጣዩ ካርድ ከዚህ ጋር ነው። ወጥ ቤት ነው፣ ዳይሬክተሯ አልተሳሳተችም፤ የእሜቴ እናት ግን እንዳይከፋት ቀጥሎ መኝታ ቤቱንም እስለዋለሁ። ምድጃው ላይ አንድ ድስት አለ፣ ተከድኗል።

ገንዘቡም ፖስታው ውስጥ አለ። የአንድ ጋራዥ ሰሌዳ ጨርሼ የተከፈለኝ ነው። እኔም ቆጥሬዋለሁ፣ እናትሽም ቆጥራዋለች፤ ረዳቷ ሴትዮ ሲቀበሉሽ አስፈርሚያቸው። የየካቲት ደመወዛቸው የኛ ግማሽ ይሄ ነው። የመጋቢቱንም ሠርቼ እልካለሁ። የትምህርት ቤቱ ግማሽ እንዳልሽው ገና አልተከፈለም፤ ዳይሬክተሯን ደጋግመሽ ጠይቂያት።

አባትሽ